ለባዶ ወንበር የቀረበ ጥያቄ

የሃዲል ዐረቢኛ የዐደን ነው፤ ዐይኗ ግን የእናቷ። አባቷ በመዓላ ወደብ ክሬን ሲያንቀሳቅሱ ኖረው ያረፉ የዐደን ሰው ነበሩ። እናቷ እመት ላይላ ደግሞ ከድሬዳዋ በልጅነታቸው መጥተው፣ እዚሁ ተድረው፣ እዚሁ ያረጁ ናቸው። እንዲህ ከሁለት ወገን የተወለደውን ሰው የከተማው ሕዝብ «ሙወለድ» ይለዋል። ሲስቅም ይለዋል፣ ሲቆጣም ይለዋል። ሃዲል ከሕፃንነቷ ጀምሮ ይህን ቃል ስትሰማ መጀመሪያ የተናጋሪውን ፊት ማየት ለምዳለች።

የምትሠራው ተዋሂ በሚባለው የከተማው ሰፈር ውስጥ ባለች ትንሽ የቴሌቪዥን ጣቢያ ነው። ጄኔሬተሩ ሲነሣ ግድግዳው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ፕሮግራሟ ከመግሪብ ሶላት በኋላ በቀጥታ ይተላለፋል። ዓሣ አጥማጁን፣ ሐኪሙን፣ ልጇ የጠፋባትን እናት ታናግራለች። ሰው ቃል ሲያጥረው ቶሎ ብላ አትሞላለትም፤ ትጠብቀዋለች። ሰዉም የወደዳት ለዚህ ነበር።

በዓመቱ መጀመሪያ በጀልባ የመጡ ሐበሾችን ካነጋገረች ወዲህ ግን ነገሩ ተበላሸ። የጣቢያው ስልክ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ዋለ። «የሐበሻ ልጅ ለሐበሻ ታዳላለች» አሉ። የፕሮግራሙ አለቃ ፋይሰል እየሳቀ ነገራት፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐበሻ ፊቷ በተቀመጠ ቁጥር ድምጿ ይደርቃል፣ ፊቷ ይጠቁራል፤ ለሌላው የምትተወውን ለእሱ አትተውም። ይህንንም አለማዳላት ነው ብላ ያዘችው።

ሙቀቱ በበረታበት ወር ወደ አል-ዐሪሽ ሰፈር የሚሄደው የመብራት ገመድ ተቃጠለ። ለጥገና የመጣው አዲሱ የመዳብ ገመድ አል-ሒስዋ በሚባለው ሰፈር፣ በአንድ ተቋራጭ ግቢ ተቀምጦ ሳለ ዐርብ ቀን፣ በጁምዓ ሶላት ሰዓት፣ ተሰረቀ። በዚያ ሰዓት ሰው ሁሉ መስጊድ ነበር። ግቢው ውስጥ የነበረው ዘበኛው ብቻ ነው። ዘበኛው ደግሞ ሐበሻ ነው፤ ክርስቲያን ስለሆነም ጁምዓ አይሄድም። በጨለማና በሙቀት ለከረመው ለአል-ዐሪሽ ሰው ይህ በቂ ነበር። ስለ ገመድ አንዳች የማያውቀውን ቢሆነኝ የሚባለውን ሐበሻ ሐብሐብ ሻጭ ጋሪውን ገለበጡበት፤ እጁንም ሰበሩት። በአል-ሒስዋ ከዘንባባው ሥር የሚኖሩት ሐበሾች ልጆቻቸውን ከደጅ አስገብተው በር ዘጉ።

ሃዲልና ካሜራ አንሺው ባሲል ዘበኛውን ሊያነጋግሩ በጣቢያው አሮጌ መኪና ሄዱ።

«ያ ኡስታዛ፣» አላት ባሲል እየነዳ፣ መምህርት ሆይ እንደማለት፣ «ፊትሽን ምን ነካው? ሎሚ መጠጥሽ?»

«ድሬወል ዐይኑን መንገዱ ላይ ያድርግ።»

«ድሬወልም እኔ፣ ካሜራ አንሺም እኔ። ደመወዙ ግን እንደ አንድ ሰው ነው።»

ዘበኛው ጋሽ ገብረ ማርያም ረዥም፣ ቀጭን ሰው ናቸው። በዚያ ሙቀት ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው በር ላይ ቆመው ጠበቋቸው። ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች አውጥተዋል፤ አንደኛውን በእጃቸው ጠርገው ለሃዲል አቀረቡላትና እሷ እስክትቀመጥ ድረስ አልተቀመጡም። በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ የውሃ ጠርሙስ አመጡ።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ ልጄ። የድሬዋ ላይላ ልጅ አይደለሽም? መልክሽ ቁርጥ እሳቸው ነው» አሏት በአማርኛ።

ሃዲል ጉሮሮዋ ደርቆ ነበር። ጠርሙሱን ግን በእጇ መለሰችው።

«በዐረቢኛ እንነጋገር፣ ያ ዐም» አለች፣ ዐረብ አጎቱን እንደሚጠራው።

ጋሽ ገብረ ማርያም ጠርሙሱን ወንበራቸው ሥር፣ ጥላው ውስጥ አስቀመጡት። «ሐዲር» አሉ። እሺ፣ እንዳልሽ ማለታቸው ነው።

ባሲል ካሜራውን ወደ እሳቸው አዞረ።

«ሌቦቹ ሲገቡ እዚህ ነበርክ?» አለች ሃዲል። እናቷ ቤት ቢሆን የአባቷን ዕድሜ ለሚያክል ሰው በዚህ ድምፅ መናገር ቀርቶ፣ ቆሞ እያለ መቀመጥም ያሳፍራት ነበር።

ጋሽ ገብረ ማርያም ዐይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። «አዎ። ከበሩ አልተንቀሳቀስኩም።»

«ምን አደረግህ?»

«በመኪና መጡ። መሣሪያ ነበራቸው። ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙር አሉኝ፤ አዞርኩ። ልጆች አሉኝ።»

«ለማን ተናገርክ?»

«ያኑ ዕለት ለአለቃዬ። ዝም በል አለኝ።»

ባሲል ከካሜራው ጀርባ «ቀና በል፣ ያ ዐም» ይላቸዋል። ቀና ይሉና ዐይናቸው ተመልሶ ይወርዳል። ሃዲል ይህ ምን እንደሆነ ታውቃለች። እሷም ያደገችው ትልቅ ሰው ሲጠይቃት ዐይኗን ሰብራ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ እንድትመልስ እየተነገራት ነው። በቴሌቪዥን ላይ ግን ዐይኑን የሰበረ ሰው የሸሸገው ነገር ያለው ሰው ነው። ይህን ለተመልካች ባስረዳ አዳላች ይሉኛል ብላ ተወችው።

ጥያቄው አለቀ። ጋሽ ገብረ ማርያም ተነሥተው ወደ ዘበኛ ጎጆው ገቡ።

ጣቢያው ለውጪ ሥራ ያለው አንድ ካሜራ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜም መጀመሪያ የሚቀረጸው እንግዳው ነው። እንግዳው ሲነሣ ካሜራው ይዞርና ሃዲል ጥያቄዎቿን አንድ በአንድ ለባዶው ወንበር ትደግማቸዋለች። በኋላ ሁለቱ ተቆራርጠው ሲጣበቁ ተመልካቹ ፊት ለፊት የተነጋገሩ ሁለት ሰዎችን ያያል። ሃዲል ለዓመታት እንዲህ ሠርታለች፤ የጠየቀችውን ቃል ግን ለውጣ አታውቅም ነበር።

ያን ቀን ስልኳ ላይ የፋይሰል ድምፅ መጣ። «ስትደግሚ አንዲት ጥያቄ ጨምሪልኝ። ሌቦቹን ታውቃቸዋለህ፣ በይው። ጠንከር አድርገሽ። ምናልባት እጠቀምበት ይሆናል።»

ባሲል ካሜራውን አዞረ። ሃዲል ባዶውን ወንበር አየችው። ጥያቄዎቿን ደገመች። መጨረሻ ላይ ጎንበስ ብላ፣ ቅንድቧን ሰብስባ፣ «ሌቦቹን ታውቃቸዋለህ?» አለችው።

«ልጄ፣ ይህን እኔን አልጠየቅሽኝም።»

ዞር ስትል ጋሽ ገብረ ማርያም በሩ ላይ ቆመዋል። የረሱትን ጠርሙስ ሊወስዱ ተመልሰው ነው።

«ለ... ለቴሌቪዥን ነው» አለች፤ ሳታስበው በአማርኛ። «እንዲያው የሥራው ልማድ ነው።»

«እሺ። ወንበሩ ምን መለሰልሽ?»

ባሲል ሳቅ አመለጠውና አፉን ያዘ።

«እኔስ ልመልስልሽ?» አሉ ጋሽ ገብረ ማርያም።

ሃዲል ወደ ባሲል አየች። ባሲል ባትሪውን እየነቀለ ነበር። ሌላ ባትሪ እንዳለው ታውቃለች፤ እሱም እንደምታውቅ ያውቃል። ፀሐዩ አናቷን ይጠብሳታል፤ ፋይሰል እየጠበቀ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ መልሱን መስማት ፈራች።

«ሌላ ጊዜ፣ ጋሼ» አለች።

ጋሽ ገብረ ማርያም ጎንበስ ብለው ጠርሙሳቸውን አነሡ። ወንበሮቹንም አንዱን ባንዱ ላይ ደራርበው ይዘዋቸው ገቡ።

ዐሥር ሰዓት ላይ ፋይሰል ቪዲዮ ወደሚቆራረጥበት ሞንታጅ ክፍል ጠራት። ፋይሰል ክፉ ሰው አይደለም። ጣቢያዋን በብድርና በልመና ያቆመ፣ ለሠራተኛ ልጅ ልደት ኬክ የሚገዛ ሰው ነው። አንድ ጊዜ ግን መሣሪያ ስለያዙ ሰዎች የተናገረ ፕሮግራም ካስተላለፈ በኋላ በሩ ላይ መኪና መጥቶ ቆሞ ነበር። ማንም አልወረደም፣ ማንም አልተናገረም፤ ቆሞ ብቻ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ፋይሰል መቀሱን ቀድሞ የሚያነሣው እንዲህ ላሉ ቃላት ነው።

«እይው፣ ወላሂ ድንቅ ሆኗል» አላት።

ስክሪኑ ላይ ሃዲል ጎንበስ ብላ፣ ቅንድቧን ሰብስባ ትጠይቃለች፦ «ሌቦቹን ታውቃቸዋለህ?» ጋሽ ገብረ ማርያም ዐይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። «አዎ።» ከዚያም፣ ቀስ ብለው፣ «ልጆች አሉኝ።»

ሌላ ነገር የለም። መኪናው የለም፣ መሣሪያው የለም፣ ግድግዳው የለም።

ሃዲል ቆማ ቀረች። ስክሪኑ ላይ ያለችው ሴት እሷ ናት፤ ድምፁም የእሷ ነው። ማንም አልሠራላትም፣ ራሷ ሠርታ የሰጠችው ነው።

«እንዲህ አላለም» አለች።

«አዎ አላለም?»

«አዎ ያለው ለሌላ ጥያቄ ነው።»

«ጥያቄውን የጠየቅሽው አንቺ ነሽ።»

«ወንበሩን ነው የጠየቅሁት።»

ፋይሰል ወንበሩ ላይ ተደገፈ። «ሃዲል፣ እህቴ፣ ስሚኝ። መሣሪያ የያዙ ሰዎች የሚለውን አላስተላልፍም፤ ሰማሽ? ያ ከወጣ ምን ቀረልኝ? ይሄ ብቻ ነው። የዛሬው ፕሮግራም ማስታወቂያ ከቀትር በኋላ ጀምሮ እየወጣ ነው። ሕዝቡ እየጠበቀ ነው።» ከዚያም ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ «ወይስ ለእናትሽ ዘመዶች አንጀትሽ ተላወሰ?» አላት።

ይህ ቃል እስከ ዛሬ ሁልጊዜ አፏን ያዘጋት ነበር። አሁንም ሊያዘጋት ሲል ስልኳ ጠራ። እናቷ ናቸው። እመት ላይላ የሚኖሩት አል-ዐሪሽ ነው፤ ከመስኮታቸው ሥር ጄኔሬተር ያለው ሻይ ቤት አለ።

«ሃዲሌ፣ ምንድን ነው የምታሳዩት?» አሉ በሹክሹክታ። «ሻይ ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ሐበሻው ዛሬ ያምናል እየተባለ ነው። ዱላ የያዙ አሉ። ሻዲያ መጥታ መስኮትሽን ዝጊ አለችኝ። ለዐርባ ዓመት ጎረቤቴ ሆና አንድ ቀን መስኮት ዝጊ ብላኝ አታውቅም። ሰውየው የማን ልጅ ነው?»

«ገብረ ማርያም ይባላል፣ እማ።»

«ገብረ ማርያም?» አሉ። «አባትሽ ሲያርፉ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ አይደለም እንዴ? እስከ መቃብሩ በር ተሸክሞ፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ከዚህ አላልፍም ብሎ ውጪ ቆሞ የጠበቀው?»

ሃዲል ስልኩን ዘጋችው። ይህን መስማቷ ረዳት ብሎ የሚያስብ ይኖራል። እንዲያውም አከበደባት። አሁን ብትናገርለት በእርግጥ ለወዳጅ ማዳላት ይሆናል። ቪዲዮውን ብታሳይ ደግሞ ሐሰት ነው። ሁለቱን ገፋ አድርጋ የምትቆምበት ቦታ ፈለገችና አንድ ብቻ አገኘች።

«ጥያቄው አይሰረዝ» አለችው ፋይሰልን። «ሌቦቹን ታውቃቸዋለህ ወይ፣ ይባል። ግን ሰውየው ይጠየቅ። በቀጥታ፣ በስልክ፣ ከቪዲዮው በፊት።»

«መሣሪያ ምናምን ቢልስ?»

«እኔ አልልም፣ አንተም አትልም። እሱ የሚለውን ይላል።»

«አውቃቸዋለሁ ቢልስ? ያኔስ ምን ልትሆኚ ነው?»

«እንግዲያው ብሏል ማለት ነው» አለች።

ፋይሰል ቪዲዮ የሚያስገባውን ቁልፍ በጣቱ ጠቆመ። «የስርጭቱ መሪ እኔ ነኝ። ካላማረኝ ቪዲዮውን አስገባዋለሁ።»

የጋሽ ገብረ ማርያም ስልክ ዝግ ነበር። ከዘንባባው ሥር መብራት ገብቶ በማያውቅበት ሰፈር ስልክ ከየት ይሞላል። ባሲል ከማዕዘን ሆኖ ሲሰማ ቆይቶ የመኪናውን ቁልፍ አነሣ።

«ወዴት?» አለው ፋይሰል።

«ሲጋራ ልገዛ። የአል-ሒስዋ ሲጋራ ይጣፍጣል።»

መግሪብ ተሰገደ። ስቱዲዮው ውስጥ መብራቱ በራ፤ ጄኔሬተሩም ግድግዳውን ማንቀጥቀጥ ጀመረ። ሃዲል በመስታወቱ ማዶ ፋይሰልን ታየዋለች፤ እጁ ቁልፉ ላይ ነው።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አለች ወደ ካሜራው። «ዛሬ ስለ አል-ዐሪሽ ገመድ ነው። ቀትር ላይ የግቢውን ጠባቂ አነጋግሬአቸው ነበር። አንዲቱን ጥያቄ ግን የጠየቅሁት እሳቸው ተነሥተው ከሄዱ በኋላ፣ ለባዶ ወንበር ነው። አሁን ለራሳቸው አቀርባታለሁ።»

የባሲልን ቁጥር ደወለች። ጠራ፤ አልተነሣም። እንደገና ደወለች።

«ሃዲል፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አለ የፋይሰል ድምፅ በጆሮዋ። «ላስገባው?»

አይሆንም በሚል አንገቷን በትንሹ ነቀነቀች። ስለ ሙቀቱ ተናገረች፤ እጁን ስለሰበሩት ስለ ሐብሐብ ሻጩ ተናገረች፤ ቃል እያለቀባት ሄደ። ስልኩ ይጠራል። በመስታወቱ ማዶ ፋይሰል ወደ ሰዓቱ አየ፤ ጣቱ ተነሣ።

«ሀሎ» አለ ባሲል እያለከለከ። «ይኸው፣ ያ ዐም፣ እዚህ ላይ ተናገር።»

የሚተነፍስ ሰው ድምፅ መጣ።

«ያ ዐም ገብረ ማርያም» አለች ሃዲል። «ገመዱን የወሰዱትን ሰዎች ያውቋቸዋል?»

ሃዲል «አላውቃቸውም» እንዲሉ ፈለገች፤ ምን ያህል እንደፈለገች የገባት አሁን ነው። አንዲት ቃል ብትጨምርላቸው፣ ፊታቸውን ሸፍነው ነበር አይደል ብትላቸው፣ አዎ ይሉና ነገሩ ያልቅ ነበር። ምላሷን በጥርሷ ያዘች። እንደ ድሮዋ ጠበቀች።

«አንዱን አውቀዋለሁ» አሉ ጋሽ ገብረ ማርያም።

በጆሮዋ ውስጥ ፋይሰል ትንፋሹን ሲስብ ሰማች።

«ሁሉም ፊታቸውን ሸፍነዋል፤ እሱም ሸፍኗል። ግን እዚህ ግቢ እየመጣ አብረን ዳቦ የበላን ሰው ነው፤ አረማመዱን አውቀዋለሁ። ሐበሻ አይደለም። ስሙን ለቴሌቪዥን አልናገርም። ዳኛ ፊት እናገራለሁ።»

«እስካሁን ለምን ዝም አሉ?» አለች ሃዲል። ይህም ጥያቄ ቀላል አልነበረም፤ ግን ለማንም ቢሆን የምትጠይቀው ነው።

«ፈርቼ ነው። ደግሞም ታውቃለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። የመጣው ሁሉ ታውቃለህ ብሎ ነው የጀመረኝ። ለእንዲህ ያለ ሰው ምን ይመለስለታል?»

«አሁንስ አይፈሩም?»

«አሁንም እፈራለሁ። ግን ሰው እየሰማኝ ነው።»

ሃዲል ወደ መስታወቱ አየች። የፋይሰል ጣት ቁልፉ ላይ ነበር፤ አልተጫነውም። ለምን እንዳልተጫነው ያን ቀን አልተናገረም፣ በኋላም ጠይቃው አልነገራትም። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ገብቶ፣ የጆሮ ማዳመጫውን ከእጇ ተቀብሎ፣ «እስክጠራሽ ቤትሽ ተቀመጪ» አላት። ወርዶ ራሱ የውጪውን በር በሁለት ቁልፍ ቆለፈ።

ቤት ስትደርስ እመት ላይላ መስኮቱን ከፍተው ተቀምጠዋል።

«ጥፋቱን ሲያምን እንሰማለን ሲሉ ሌላ መልስ ሆነባቸው» አሉ። «መጀመሪያ ሁሉም ተያዩ። ሐሰት ነው፣ ሐበሻ ለሐበሻ ነው ያለም አለ። ተጣሉ። አንዱ ወንበር ወረወረ። በኋላ ያ ማጂድ፣ ዓሣ የሚያጠምደው፣ ተነሣና ሰውየው ዳኛው ዘንድ ብቻውን ነው የሚሄደው ወይ ብሎ ጠየቀ።»

«ማን ምን መለሰ?»

«ማንም አልመለሰም። ዱላቸውን ይዘው ወጡ እንጂ። ወደ የት እንደሄዱ አላየሁም፤ ጨለማ ነው።»

እናትና ልጅ እንቅልፍ በዐይናቸው ሳይዞር ነጋ።

ጧት ሃዲል ካሜራም ባሲልንም ሳትይዝ ብቻዋን ወደ ፍርድ ቤቱ ሄደች። በሩ ላይ ፀሐዩ ገና አልበረታም። ጋሽ ገብረ ማርያም ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ከግድግዳው ጥላ ሥር ቆመዋል። አጠገባቸው ማጂድና ጥቂት የአል-ዐሪሽ ወንዶች አሉ። ዱላቸውን አልጣሉም፤ አንዱ ተደግፎታል፣ አንዱ ትከሻው ላይ አጋድሞታል፤ ዐይናቸው መንገዱ ላይ ነው። ከማዶ አንድ መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል።

ሃዲል ቀረብ ብላ ጎንበስ አለች። «እንደምን አደሩ፣ ጋሼ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ዛሬ ደግሞ ማንን ልትጠይቂ ነው?»

«ማንንም።»

«ወንበርም የለም መቼስ እዚህ» አሉ። ፈገግ አላሉም፤ ግን ጠጋ ብለው ከጥላው አካፈሏት። ያ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ጠርሙስ እግራቸው ሥር ነበር። አነሡትና ትናንት እንዳደረጉት ዘረጉላት።

ሃዲል በሁለት እጇ ተቀብላ ጠጣች። ማዶ ወደቆመው መኪና እያየች ጠጣች። ጠርሙሱን ስትመልስላቸው ከውስጥ አንድ ፖሊስ ብቅ ብሎ ስማቸውን ጠራ። ማጂድ ዱላውን ለጓደኛው አቀብሎ አብሯቸው ሊገባ ተነሣ። ጋሽ ገብረ ማርያም ዐይናቸውን ወደ መሬት ጥለው፣ ከፖሊሱ ፊት ዝቅ ብለው እጅ ነሡና ገቡ።